የኮሶ ዘመድ

ከጓሮዬ ያለውን ቁጥቋጦ ስንት ጊዜ «ዛሬስ አልምርህም» ብዬ እንደተነሣሁበት የምናውቀው እኔና መጥረቢያዬ ነን። እሾኩ ጣት ያክላል። ቅርንጫፉ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነው፤ ነጠላዬን በያዘ ቁጥር ክር ሳያስቀር አይለቀኝም፤ ዶሮ ከሥሩ ከገባች መውጫው ይጠፋታል። መሐል ሜዳ ከተማ ይህን ቤት ከባሌ ጋር ስንገዛ ከነቁጥቋጦው ነው የገዛነው። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ሰው «የፈረንጅ ቀጋ» ይለዋል። እኔ ሲወጋኝ ሌላ ሌላ ስም አወጣለታለሁ፤ እሱ እዚህ አይነገርም።

ታዲያ ለምን አልቆረጥሽውም ትሉኝ ይሆናል። በጥር ምክንያት ነዋ! የኛ አገር ውርጭ ሣሩን አቃጥሎ፣ ባቄላውን አጥቁሮ፣ ምድሩ ሁሉ አመድ መስሎ ሲያበቃ፣ ይሄ እርጉም አንዲት ቅጠል እንኳ ሳያወጣ በዚያ በደረቀ እንጨቱ ላይ ቀይ አበባውን ቦግ ያደርገዋል። ጠዋት በር ከፍቼ ስወጣ ጉሙ ገና ከጓሳ፣ ከሣር አምባችን በኩል፣ እየወረደ ነው። አጥሩ አይታይም፣ የጎረቤት ጣሪያ አይታይም፣ ያ ቀይ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። እዚያው ቆሜ እቀራለሁ። ምን ልሠራ እንደወጣሁ፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነ፣ ባሌ መቼ እንደሞተ ሁሉ ይጠፋኛል። ከዚያ ብርዱ እግሬን ሲነክሰኝ «ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ብዬ ራሴን ተቆጥቼ እገባለሁ።

እኔ ሸዋአለም እባላለሁ፤ የባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ። የበግ ጠጉር ገዝቼ እፈትላለሁ፣ ሸማኔ ይሠራልኛል፣ ገበያ አወጣዋለሁ። እንዝርት የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ ብዙ ሲፈትሉ እንቅልፍ ሳይሆን እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይመጣል። እጅ ይሠራል፣ ዓይን ተከፍቷል፣ ሰውየው ግን የለም። ከኑሮዬ እኩሌታውን የኖርኩት እዚያ ውስጥ ነው ብል ውሸት የለበትም። ጎረቤቴ ኡምሰልማ፣ ጨርቅ የምትሸጠው፣ እንደዚያ ስታየኝ «እትዬ ሸዋ ሄደች!» ትላለች።

መምህር ቅጣውም የመጣው እንደዚያ ሄጄ ሳለሁ ነው። ከጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ፣ ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። ህልም መሰለኝና ዝም ብዬ አየሁት።

«እንደምን አደሩ እመቤት? ይቅርታ ያድርጉልኝና አበባውን ከመንገድ አይቼው ነው» አለ።

ህልም «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አይልም። ነቃሁ። «አበባ አይሸጥም። ባና ከፈለጉ ይግቡ» አልኩት።

«አንዲት አበባ ብቻ። ዘመዱን ላጣራ ብዬ ነው።»

«የማንን ዘመድ?»

«የቁጥቋጦውን።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መንዝ ተወልጄ የሰው ዘር ሲቆጠር እየሰማሁ ነው ያረጀሁት፤ የቁጥቋጦ ዘር ቆጣሪ ግን ያን ቀን አየሁ። አጥሩን ከፈትኩለት። የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ ዓለም ከተማ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። እኛ ጋ የመጣው ብርዱን ፈልጎ ነው፤ ፖምና ፒር ብርድ ይወዳሉ፣ እሱ ደግሞ ችግኛቸውን እያዳቀለ ለገበሬ ይሸጣል። ሰው ሁሉ ከብርዳችን ሲሸሽ ብርድ ብሎ የመጣ ሰው አስቡት እንግዲህ!

ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መርፌ ለመነኝ። የባናውን ወፍራም መርፌ ሰጠሁት። አበባዋን መዳፉ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ከፈታት። አምስት ቀይ ቅጠሎች፣ መሐል ላይ ብዙ ቢጫ ክሮች፣ ከሁሉም መሐል አምስት ቀጫጭን ዘንጎች።

«ትልቁ ቤተሰቡ የጽጌረዳ ነው» አለ።

«እሱማ እሾኩ መስክሯል።»

«እሾክ ምስክር አይሆንም። እሾክ ግራርም አለው። የሚናገረው አበባው ነው።» ከዚያ ዘመዶቹን ይቆጥርልኝ ጀመር፤ «ቀጋ ዘመዱ ናት። እንጆሪም። ኮክ፣ ፖም፣ ጥቁር እንጨት። ኮሶ።»

«ምን አሉኝ?»

«ኮሶ።»

«የትል መድኃኒቱ? ያ አፍንጫችንን ይዘው የሚግቱን? እሱ ከጽጌረዳ ጋር ዘመድ?»

«አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አልዋሽዎትም።»

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ አሉ! ጽጌረዳ ሰምታለች ይህን?»

«ኮሶ ምንጊዜም ያውቃል» አለ፤ «ሰው ፊት የምትክደው እሷ ናት።»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ዘመኔ! ኡምሰልማ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አይታን ተመልሳ ገባች፤ በማግሥቱ ግን ስትቀልድብኝ ምንም አላስቀረችልኝም።

መቼም አንዴ ከጀመረ አያቆምም። ቁጥቋጦው በስንት ቤት እንደተንከራተተ ነገረኝ። መጀመሪያ የመዘገቡት ሰዎች ከፒር ጋር መደቡት። በኋላ የመጡት ፍሬውን ከፍተው አዩት፤ ፒር በየክፍሏ ሁለት ዘር ነው ያላት፣ የዚህ ግን እፍኝ ሙሉ ነው። ስለዚህ አውጥተው እኛ አገር ከማይታወቅ አንድ ቢጫ ፍሬ ቤት አስገቡት። እዚያም አልኖረም። የዚያኛው ቅጠል ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ የዚህ መጋዝ ነው። የዚያኛው አምስት ዘንጎች ለየብቻ ቆመዋል፣ የዚህ ከሥራቸው ተጣብቀዋል። በመጨረሻ የራሱን ቤት ሰጡት፤ ኬኖሜሌስ አሉት።

«ምን ማለት ነው?»

«የተሰነጠቀ ፖም። ፍሬው ሲበስል ይሰነጠቃል ብለው ነው።»

«ይሰነጠቃል?»

«አይሰነጠቅም።»

«ስሙስ?»

«ስሙማ ቀረ። ለብዙ ዘመንም የጃፓን ነው ሲሉት ኖረዋል፤ አገሩ ግን ቻይና ነው።»

«እሱ ራሱስ ይህን ሁሉ ሲያደርጉት ምን አለ?»

ቁጥቋጦውን ዞሮ አየው። «ምን ይላል? አበበ» አለ። እኔም ዞሬ አየሁት፤ ባለቤቱ ሆኜ ያን ያህል ዘመን ስረግመው ኖሬ እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ መምህሩ የመምጫ ምክንያት አላጣም። አንድ ቀን ቅጠሉን ሊለካ ይመጣል፣ አንድ ቀን አፈሩን ሊያይ፣ አንድ ቀን ደግሞ ዝም ብሎ ይመጣል። አበባው ሊረግፍ ሲል የፒር ቡቃያ ይዞ መጣና ከቁጥቋጦው አንዱን ቅርንጫፍ በስለት ሰንጥቆ ሰካበት፤ በላስቲክ ጠቅልሎም አሰረው። ማዳቀል ይሉታል። «ዘመድ ከሆነ ይቀበለዋል፣ ባዳ ከሆነ ይተፋዋል» አለኝ።

«የሰው ግን ግልባጩ ነው» አልኩት፤ «ባዳ ካልሆነ አናገባም።» ያልኩት እንዲሁ ለጨዋታ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና ጆሮው ቀላ። እኔም ጉንጬ ሲግል ተሰማኝ። በዚህ ዕድሜ! ፊቴን አዙሬ የበግ ጠጉሬን መፍተል ያዝኩ፤ ክሩም እየተበጠሰ አስቸገረኝ።

ክረምቱ ገባ። የኛን ክረምት የማያውቅ አያውቀውም፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ ቀኑ ከቀኑ አይለይም። እሱ ከጣሪያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የችግኝ እንጨት ይልጣል፣ እኔ እፈትላለሁ። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ በዚያ እንቅልፍ በሚመስለው ነገር ውስጥ ሆኜ ድምፁን እሰማና ከድሮ ጀምሮ እዚያው ጥግ ተቀምጦ የኖረ ይመስለኛል፤ ባዕድነቱ ጨርሶ ጠፋብኝ። መቼ «አንቺ» እንዳለኝም አላስታውስም። መስከረም ላይ ፍሬው ቢጫ ሆነ። ደንጊያ ነው፣ ጥርስ አይገባውም፣ ሽታው ግን ቤቱን ሞላው። ኡምሰልማ አሸተተችና ጮኸች። «ወላሂ ሰፈርጀል ነው! ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ እመቤቴ በልብስ መሐል ታደርገው ነበር!»

ቅጣው ከበርጩማው ብድግ አለ። «እሱ ነው! ያ ቢጫ ፍሬ ያልኩሽ! ግን ራሱ አይደለም፣ የአጎቱ ልጅ ነው።»

«ኤዲያ!» አለች ኡምሰልማ፤ «እናንተ ደግሞ የአጎት ልጅ ሲሆን ነው የምትፈሩት።» ጥቂት ፍሬ ለቅማ ጨርቆቿ መሐል ልትከት ሄደች።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ቢጫ ሆና ግድግዳው ላይ ስትወርድ፣ «ሸዋዬ፣ ቀሪውን ዕድሜ አብረን ብንሆን ምን ይመስልሻል? በቁርባን፣ በወጉ» አለኝ።

«ሰው ይስቅብናል» አልኩት።

«ይሳቅ።»

«ይሳቅ» አልኩ እኔም። እንዲህ በቀላሉ! ደስ አለኝ። አልደብቅም፣ ደስ አለኝ፤ እንደ ልጃገረድ ማታ ራሴን ተሠራሁ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ ገሠሠ መጠየቅ አለበት። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከራሱ ምሳ ከፍሎ፣ በክረምት በርኖሱን አልብሶኝ እሱ በርዶት አድሮ። እሱ የሌለበት ሠርግ ለኔ ሠርግ አይደለም። ደግሞ በጓሳ ዳር ባለው ቀበሌያችን ዘር ቆጣሪው እሱ ነው። ጓሳ ተዘግቶ ከርሞ ለሣር አጨዳ ሲከፈት፣ ዛሬ ኮሚቴ አለ፣ ደንብ አለ፣ ሽማግሎቹ ግን የድሮውን አልተዉም። ማጭድ ሣር ሳይነካ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ እያንዳንዱን አባወራ «የማን ነህ?» ይለዋል። ሰውየው አባቶቹን ቆጥሮ ምድሩን ያቀናው የሁላችን አባት ጫኔ ላይ ሲደርስ «እለፍ» ይባላል። ያ ከፊት ቆሞ የሚጠይቀው ወንድም ጋሼ ነው፣ የጫኔ የበኩር ልጅ የገብረ አማኑኤል ዘር ነዋ። ሌላ ሹመት የለውም። ሁለት በሬ፣ አንድ ፈረስና ያ ቦታ፤ ያለው ይኸው ነው።

በፈረሱ መጣ። ቅጣውን አየው፤ ወደደውም፣ ከዓይኑ አወቅሁ። «እስቲ ቁጠር» አለው። የአባቱ ወገን ንጹሕ የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ ከኛ ዘር ምንም አልነካም። በእናቱ በኩል ሲመጣ አንዲት ወደ መርሐቤቴ የተዳረች የመንዝ ሴት ተገኘች። የሷ አባት፣ የአባቷ እናት እያለ ወደ ላይ ሲወጣ የወንድም ጋሼ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ሊደርስ ሲል እኔም ገባኝ። ዝም በል ልለው ፈለግሁ።

«...የጫኔ ልጅ» አለ ቅጣው።

ወንድም ጋሼ በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «ስድስት ቤት ነው» አለ፤ «ሰባት አልሞላም።»

«አንድ ቤት ጎደለ ብለህ ነው?»

«አንድም ቢሆን።»

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልወልድ መሰለህ? ምኑ ነው የሚበላሸው?»

«ሕጉ ዕድሜ አይጠይቅም፣ ሸዋ። ሰባት ቢሆን ኖሮ በሬዬን አርጄ እደግስ ነበር።»

የዚያን ቀን ያልተናገርኩት የለም። ማዘጋጃ ቤት ሄደን መፈረም እንችላለን፣ መንግሥት ስድስት ቤት ብሎ አይቆጥርም አልኩ። እውነትም ይቻላል። ግን እሱ ያልመረቀውን ቁርባን ምን ቄስ ያቆርበኛል? እሱ የማይረግጠው ቤት ውስጥስ እንዴት እስቃለሁ? ቅጣውም «ከወንድምሽ አጣልቼሽ አልወስድሽም፣ ስምሽም በኔ አይነሣም» ብሎ መምጣት ተወ። ጥሩ ሰው መሆኑ እንደዚያ ቀን አናዶኝ አያውቅም።

ያን የተዳቀለ ፒር ልየው ብዬ ወጣሁ። እንደያዘ ነው! ደግሞ ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል። «አየህ አንተ» አልኩት፤ «ለአንተ ዝምድና ጠቀመህ፣ እኛን አቃጠለን።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንደ ጉም ሆኑብኝ። ስፈትል እሄዳለሁ፣ ስሄድም እዚያው ቁጥቋጦ ላይ ነው የምደርሰው። ግን ትልቅ ሆኖ፣ ሰማይ ጠቀስ ሆኖ። አባቶቼ በየቅርንጫፉ ተቀምጠዋል፤ እንደ ወፍ ተሰብስበው፣ በርኖሳቸውን ተከናንበው፣ እያንዳንዳቸው ስማቸውን ይጠራሉ። እኔ ከታች አንዱ ጫፍ ላይ ነኝ፣ ቅጣው ሌላው ጫፍ ላይ፣ በመሐላችን እሾክ። «አንድ ቅርንጫፍ ጨምሩልን!» ብዬ እጮሃለሁ። ሁሉም ዞረው ያዩኛል፣ ክፉዎች አይደሉም፣ ግን የሚጨምር የለም። ኡምሰልማ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ እንዝርቱ መሬት ላይ ወድቆ ነው የምነቃው። «እትዬ ሸዋ፣ በአላህ፣ ሂጂና ወንድምሽን ለምኚው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለችኝ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ተነሥቼ በእግሬ ሄድኩ። ጓሳው ተዘርግቶ፣ ሣሩ በነፋስ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ጭላዳዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሣር እየነጩ፣ ጉሙ አንዴ ሲውጠኝ አንዴ ሲተፋኝ፣ መሄዴን እንጂ መድረሴን አላውቅም። ወንድም ጋሼ ደጁ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት፤ «ጓሮዬ ያለውን ያን እሾካም ታውቀዋለህ። ለሱ እንኳ የተማሩ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ቤት ፈልገውለታል። አንዱ ቤት አልሆን ሲል አውጥተው ሌላ ሰጥተውታል፣ ያም አልሆን ሲል ሌላ። ስሙን ሳይሆን አበባውን ከፍተው አይተው ነው። አንተ እኔን ከፍተህ አይተኸኛል? ከባሌ ሞት ወዲህ ስስቅ ሰምተኸኛል? ቅጣው መጥቶ ነው እኮ የሳቅሁት!» ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ፤ አለቀስኩ።

በሩን ከፈተ። «ግቢና እሳት ሙቂ» አለኝ። ቆሎ ሰጠኝ። ስመለስ ፈረሱ ላይ አስቀመጠኝና እሱ ልጓሙን ይዞ እስከ መኪናው መንገድ በእግሩ ሸኘኝ። በመንገድ ሁሉ ቃል አልተነፈሰም። በቃ፣ አለቀ ብዬ ቆርጬ ገባሁ።

የነፍስ አባቴ ግን ነገሩ እንዲሁ በሐሜት እንዳይንጠለጠል፣ ቆጠራው በሽማግሌ ፊት ይነገርና ይዘጋ አሉ። በጥር ግቢዬ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ እሳቸው፣ ወንድም ጋሼ፣ ከቀበሌያችን የመጡ ሽማግሎች፣ ቅጣው ከአንድ ወንድሙ ጋር። ቁጥቋጦው አብቧል። ጠዋቱ ጉም ነበርና ሰዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ፣ ከኋላቸው ቀዩ ሲታይ፣ እዚያው ቆሜ እንዝርት ሳልይዝ መሄድ ጀመርኩ። የወንድም ጋሼ ድምፅ መለሰኝ።

ቆሞ ይቆጥር ነበር። የኛን መስመር ከላይ ወደ ታች ነው የጀመረው። «ጫኔ ገብረ አማኑኤልን...» አለና ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ራሱ እንደዚያ መሸበቱን አላወቅሁም ነበር።

«ጫኔ ገብረ አማኑኤልን አልወለደም» አለ፤ «የጡት ልጁ ነው። ጡቱን ማር ቀብቶ አጥብቶ ያስገባው የሰው ልጅ ነው። እኛ የጫኔ ደም የለንም።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። አንዱ፣ ዕድሜው ከሁሉ የገፋው፣ «ገሠሠ፣ የምትለውን ታውቃለህ?» አለው።

«አውቃለሁ።»

«ከማን ሰማኸው?»

«ከአባቴ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ አፌን ያስከፈተኝ ነገር አልነበረም።»

«የበኩሩ ዘር ነኝ ብለህ እኮ ነው ከፊት የምትቆመው። እንግዲህ ጓሳ ሲከፈት ማን ሊጠይቅ ነው?»

«ሌላ ይጠይቅ» አለ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶት ነበር።

የነፍስ አባቴ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ የጡት ልጅ ርስት ያስገባል እንጂ ደም አይሆንም፣ በነዚህ ሁለት መሐል የሚከለክል ዝምድና የለም አሉ። ቅጣው ዓይኑ እንባ ሞልቶ እኔን አየኝ። እኔ ግን ወንድም ጋሼን ነበር የማየው። በልጅነቴ አባታችን ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ ያስቆጥረው ነበር። እኔ ከደበሎው ሥር ሆኜ በእንቅልፍ ልቤ እሰማለሁ። «ወለደ» ነበር የሚለው፣ «ጫኔ ገብረ አማኑኤልን ወለደ»። እንደዚያ የሰማሁ ይመስለኛል። ልጅ ነበርኩ፣ እኩሌታውንም በህልም ነው የሰማሁት፤ ምናልባት ሌላም ነገር ለእሱ ብቻ ነግሮት ይሆናል። ጠይቄው አላውቅም፣ አልጠይቀውምም።

ጾም ሳይገባ በየካቲት ቆረብን። በሬውን አረደ፣ እንዳለው። ኡምሰልማ ከሱቋ የሰፈርጀል ሽታ ያለው ቀሚስ አመጣችልኝ፤ የራሷን የሙስሊም ሥጋ ከዘመዶቿ ዘንድ አሳርዳ አስመጥታ ከኛ እኩል ደገሰች። ወንድም ጋሼ ሲመርቀን እጁ ራሴ ላይ ከብዶ ቆየ። ደስታዬ ሙሉ ነው ልበል? ነበር። ግን በየመሐሉ ያ የአባታችን «ወለደ» ይመጣብኝ ነበር።

ያን በጋ ጓሳ ተከፈተ። ቅጣው ለቤታችን ክዳን ሣር እንድናጭድ ማጭድ ስሎ ይዞ፣ እኔ ገመድ ተሸክሜ፣ ከሌሊቱ ውርጭ ገና ነጭ በሆነው ሣር ዳር ደረስን። ሰዉ ተሰልፏል። ከፊት ቆሞ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው፤ ለቦታው አዲስ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮሃል። ወንድም ጋሼን ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከወጣቶቹም በኋላ፣ ማጭዱን በብብቱ ይዞ ቆሞ አየሁት። የሚያናግረው አልነበረም። አንድ በአንድ ሰዉ እየቆጠረ አለፈ፣ እኛም በቅጣው እናት ወገን ተቆጥረን አለፍን፤ እኔ ግን ወደ ሣሩ መግባት አቅቶኝ ዳር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

ተራው ደረሰ። ጠያቂው እንደተቸገረ ያስታውቃል። ለዓመታት ሲጠይቀው የኖረውን ሰው ነው የሚጠይቀው፤ ደግሞም ምን ብሎ እንደሚመልስ ሁሉም ሊሰማ ጆሮውን አቁሟል።

«የማን ነህ?» አለው።

ወንድም ጋሼ ወደ ሣሩ አየ፣ ከዚያ ወደኔ አየ።

«የሸዋአለም ወንድም ነኝ» አለ።

ጠያቂው ከመንገዱ ገለል አለለት። «እለፍ» አለው።